ቮልቱ ተቀየረ፣ መጋዙ ግን እምቢ አለ፦ የድሮ የአሜሪካ መጋዝን ወደ 220 ሲያዞሩ የሚገጥም ችግርና መፍትሄ

ከአሜሪካ በኮንቴነር የተላከ የድሮ የጠረጴዛ መጋዝ ደስ ይላል። ገበታው ጊዛ ነው። ሞተሩ ለብቻው ሰው ያደክማል። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ሶኬቱ ጋ ነው። እዚያ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220።

ደግነቱ ብዙዎቹ የድሮ መጋዞች በሁለቱም ቮልት እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጥቂት ገመዶችን ቦታ ማቀያየር ይበቃል። ይበቃል ስል ግን ቮልቱን ብቻ ነው። ኸርዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ እዚያ 60፣ እዚህ 50 ነው፤ እሱን የትኛውም ገመድ አይቀይረውም። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሩ ሲግልበት ያሰረውን እየፈታ፣ የፈታውን እያሰረ ይከርማል።

እዚያው አሜሪካ ሆነው ጋራዣቸው ውስጥ ከ120 ወደ 240 የሚያዞሩም አሉ። ከኸርዙ ጉዳይ በስተቀር ምልክቶቹ ያው ናቸው። ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ታርጋው

ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ታርጋ በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡ። ቮልት የሚለው ቦታ ላይ 115/230 ወይም 110/220 ካለ ወደ 220 መቀየር ይቻላል። አንድ ቁጥር ብቻ፣ ለምሳሌ 115 ካለ፣ አይቀየርም። አለቀ። እሱን 220 ላይ ሰክቶ "እስቲ እንሞክረው" ማለት ሞተር ማቃጠል ነው።

አምፒሩም በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ 15/7.5 ወይም 13/6.5 ይሆናል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን አምፒሩ በግማሽ ይወርዳል። ኃይሉ ያው ነው። "220 ላይ ሲሆን ጉልበቱ ይጨምራል" የሚባለው እውነት የሚመስለው በአንድ ምክንያት ነው። ቀድሞ በቀጭንና ረጅም ገመድ ይሠራ የነበረ መጋዝ በመንገድ ላይ ቮልት ይጠፋበት ነበር። የገመዱ ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም ቢሆን፣ በ15 አምፒር 7.5 ቮልት ይጠፋል። ከ120 ላይ ይህ ብዙ ነው። በ7.5 አምፒር የሚጠፋው 3.75 ቮልት ብቻ ነው፣ ያውም ከ240 ላይ። ሞተሩ አልጎለበተም፣ ተገቢውን ቮልት አገኘ እንጂ።

የገመድ አሳሰር ሥዕሉ ታርጋው ላይ ወይም ከክዳኑ በስተውስጥ ይገኛል። ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ያለውን አሳሰርም አንሱ። መሰኪያው ተነቅሎ ዓይናችሁ ፊት ይቀመጥ። ሞተሩ ጀርባ ላይ ያለው ጉብታ ካፓሲተር ነው፤ መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ባለ ክር የድሮ አምፖል ይዛችሁ፣ ከአምፖሉ የወጡትን ሁለት ገመዶች የካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ አስነክታችሁ አራግፉት። በካቻቢቴ ማገናኘት ብልጭታ ያወጣል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል።

ውስጡ ምን ተሠርቷል?

ይህ ሞተር ሁለት እኩል ዋና ጥቅልሎች አሉት። እያንዳንዱ የተሠራው ለ115 ቮልት ነው። ለ115 ሲታሰር ሁለቱ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ለ230 ሲታሰር በተከታታይ ይሆናሉ፤ ቮልቱን ለሁለት ይካፈላሉ። ገመዶቹ ቁጥር ካላቸው አንደኛው ጥቅልል 1 እና 2፣ ሁለተኛው 3 እና 4 ነው። ለከፍተኛው ቮልት 2 እና 3 አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ መብራቱ በ1 እና በ4 ይገባል።

ሦስተኛ ጥቅልልም አለ። የማስነሻው ነው፤ ከካፓሲተሩና ሲፈጥን ከሚላቀቅ ማብሪያ ጋር ተያይዟል። ይህ ጥቅልል ሁልጊዜ የሚፈልገው 115 ነው። ስለዚህ ለ230 ሲታሰር ከአንዱ ዋና ጥቅልል ጎን ብቻ ይገባል እንጂ ከሁለቱም ዳር አይያያዝም። ከታች ካሉት ችግሮች ብዙዎቹ መነሻቸው ይቺ ናት።

ምልክት፦ ያጉረመርማል፣ ግን አይነሳም

ወዲያው አጥፉት። በዚህ ሁኔታ የቆመ ሞተር ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፒር ይስባል። ጥቂት ሰከንድ እንኳ ያግለዋል።

መሰኪያውን ነቅላችሁ ችንጋውን አውልቁና ፑሌጃውን በእጅ አዙሩት። ከከበደ ጉዳዩ ኩሽኔታ ነው፣ ኤሌክትሪኩን ተዉት። በቀላሉ ከዞረ ወደ ማስነሻው ሂዱ። የማስነሻው ገመድ በዝውውሩ ጊዜ ተረስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉን ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ካፓሲተሩ። አብጦ፣ ዘይት አፍስሶ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ መልሱ ያ ነው። ደህና ከመሰለ ማይክሮፋራድ በሚለካ ቴስተር ለኩት። የሚተካው ካፓሲተር በማይክሮፋራድ የድሮውን ይመስል፣ በቮልት ከድሮው አይነስ።

ካፓሲተሩ ደህና ከሆነ የማስነሻውን ማብሪያ ተመልከቱ። ከሞተሩ ጀርባ በኩል፣ ከክብደቶቹና ከስፕሪንጎቹ ጋር ነው ያለው። የመጋዝ ሞተር ዕድሜውን ሙሉ ሰጋቱራ ሲተነፍስ ነው የኖረው። በሁለቱ የማብሪያ ጫፎች መካከል የገባች ትንሽ ሰጋቱራ ሙሉ ሞተር ታቆማለች። በአየር ንፉት፣ ጫፎቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት። ሰዎች ቮልት በቀየሩ ማግስት ሞተሩ እምቢ ሲል ጥፋቱን ገመዱ ላይ ያደርጋሉ፤ መጋዙ ግን ወራት መርከብና መጋዘን ውስጥ ተንገጫግጮ ነው የመጣው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ማጉረምረሙ ከባድ ከሆነና ብሬከሩም ከወረደ፣ አንዱ ጥቅልል ተገልብጦ ታስሯል ማለት ነው። ለምሳሌ 2 ከ3 ጋር መታሰር ሲገባው ከ4 ጋር ታስሯል። ሁለቱ ጥቅልሎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ሞተሩ ማግኔት ያጣል። ክፋቱ ኦም ሜትር ይህን አያሳይም። በትክክል ሲታሰርም ሲገለበጥም ንባቡ አንድ ነው። ቁጥሮቹ ካሉ ችግር የለም፣ መከተል ነው። ቁጥሩ ከጠፋና ቀለሙም ጠቁሮ ከተመሳሰለ፣ ገምቶ ከመሰካት ይልቅ ዲናሞ ወደሚጠቀልል ባለሙያ መውሰድ ይሻላል። እሱ በዝቅተኛ ቮልት ለይቶ ቁጥር ያስርላችኋል።

ምልክት፦ ሲሰካ ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ ብሬከሩ ይወርዳል

ጥቅልሎቹ አሁንም ጎን ለጎን ናቸው። ማለትም ለ115 ታስረው 220 ገብቶባቸዋል። ወይ ክዳኑ ጭራሽ አልተከፈተም፣ ወይ አንድ ገመድ ሳይዛወር ቀርቷል።

ይህን ሳይሰኩ ማወቅ ይቻላል። የሞተሩ ሁለት የመብራት መግቢያዎች ላይ ኦም ለኩ። እያንዳንዱ ጥቅልል 2 ኦም ነው እንበል። ጎን ለጎን ሲሆኑ 1 ኦም ይነበባል፣ በተከታታይ ሲሆኑ 4። አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከማዛወራችሁ በፊት ለክታችሁ ጻፉ፣ ካዛወራችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። አራት እጥፍ አካባቢ ካልሆነ አትሰኩ። የቴስተሩን ገመዶች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያነቡትን መቀነስ አትርሱ፤ በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ቁጥር ላይ ያሳስታል።

ሞተሩ ተነስቶ ካፓሲተሩ ብቻ "ጷ" ብሎ ከፈነዳ ደግሞ የማስነሻው ጥቅልል በሁለቱ ዳር ተይዟል። 115 የሚጠብቀው 220 ደርሶታል። አዲስ ካፓሲተር ብትገዙም እሱም ይፈነዳል። ገመዱን ወደ አንዱ ጥቅልል ጎን መልሱት።

ምልክት፦ ሞተሩ ደህና ነው፣ ብሬከሩ ግን ሲነሳ ብቻ ይወርዳል

ሞተር ሲነሳ ለአንድ አፍታ ከታርጋው አምፒር አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። የ7.5 አምፒር ሞተር 45 አምፒር ሊነካ ይችላል። የቤት ብሬከር ላይ ከቁጥሩ በፊት የሚጻፈው ፊደል እዚህ ጋ ነው ትርጉም የሚኖረው። "ቢ" የሚለው ከቁጥሩ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲደርስ ወዲያው ይወርዳል። "ሲ" ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይታገሳል። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር "ሲ 16" እና 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ይበቃል። ገመዱን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ግን አይሆንም። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ገመድ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ሁለቱን ገመድ አብሮ የሚያጠፋ ባለ ሁለት ብሬከር ያስፈልጋችኋል። እዚያ 240 የሚገኘው ከሁለት ባለ 120 ገመዶች ነው፤ ኒውትራል አይገባበትም። ነጩ ገመድ አሁን መብራት ተሸካሚ ስለሆነ ጫፉን በጥቁር ወይም በቀይ ቴፕ ጠቅልሉት። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ነጭ አይቶ ኒውትራል ነው ብሎ እንዳይዘው።

ምልክት፦ ይነሳል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ቀዩ ቁልፍ ይዘላል

ሞተሩ ላይ ያለችው ቀይ ቁልፍ የሙቀት መከላከያ ናት። እሷን እየተጫኑ መቀጠል፣ ይባስ ብሎም በገመድ ማለፍ፣ ሞተሩን ያለ ጠባቂ መተው ነው። እንደገና ስትዘል ምክንያቱን ፈልጉ።

መጀመሪያ ችንጋውን አውልቃችሁ ሞተሩን ባዶውን አስነሱትና ገመዱን ከውጭ አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር አምፒሩን አንብቡ። ባዶው ከታርጋው በደንብ ያነሰ መሆን አለበት። ከሆነ ጥፋቱ ከሞተሩ ውጭ ነው፦ የደነዘዘ ዲስክ፣ እርጥብ እንጨት፣ ከልክ በላይ የተወጠረ ችንጋ፣ የዲስክ ዘንግ ኩሽኔታ። ባዶውን እያለ ወደ ታርጋው ቁጥር ከተጠጋ ግን ወይ የጥቅልል ጉዳት አለ፣ ወይ የማስነሻው ማብሪያ አልተላቀቀም፣ ወይ የ50 ኸርዝ ጉዳይ ነው። የመከላከያዋ ገመድም ከቮልቱ ጋር አብሮ ቦታ የሚቀይርበት ሞተር አለ። ሥዕሉን ዳግም እዩ።

የማስነሻው ማብሪያ መላቀቁን በጆሮ ታውቃላችሁ። ሞተሩ ፈጥኖ ሊደርስ ሲል "ጠቅ" ይላል። ሲጠፋና ሲቀንስ ደግሞ ተመልሶ "ጠቅ" ይላል። ሲያጠፉት ድምፁ ካልተሰማ ማብሪያው አልተላቀቀም ነበር፤ የማስነሻው ጥቅልልም ሙሉውን ጊዜ ሲቃጠል ነበር።

አሁን ወደ ኸርዙ እንምጣ።

የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነው ኸርዙ ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 3450 የሚዞር ሞተር በ50 ኸርዝ 2875 አካባቢ ይዞራል። ከስድስት አንዱን እጅ ያጣል። በፑሌጃ አንድ ለአንድ የተያያዘ የ254 ሚሊሜትር ዲስክ ጥርሱ በሰከንድ 46 ሜትር ይሄድ የነበረው ወደ 38 ይወርዳል። መቁረጡን ይቆርጣል። እንጨቱን ቀስ አድርጎ መግፋት ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። 230 ቮልትን ለ60 ስናካፍል 3.83 ይመጣል። 220ን ለ50 ስናካፍል 4.4። የሞተሩ ብረት ከታሰበለት 15 በመቶ የሚበልጥ ማግኔት ይሸከማል ማለት ነው። የድሮ ሞተሮች ብረት ሳይሰስቱ ስለተሠሩ አንዳንዶቹ ይችሉታል። ያልቻለው ባዶውን ሆኖም ብዙ ይስባል፣ ይግላል። ማቀዝቀዣ ፋኑ ደግሞ በዚያው ልክ ቀንሷል።

ቮልት ሲወርድ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። የማስነሻው ማብሪያ የሚላቀቀው በግምት ከ60 ኸርዝ ሙሉ ፍጥነት 75 በመቶ ላይ ነው፤ በ60 ኸርዝ የሞተሩ ማግኔት በደቂቃ 3600 ስለሚዞር ይህ 2700 ነው። በ50 ኸርዝ ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ራሱ ከ2700 ብዙም አይርቅም። ማታ ማታ የሰፈሩ ቮልት 190 ሲገባ፣ ሞተሩ ገና ያቺን 2700 ሳያልፍ ሊንጠለጠል ይችላል። ቀን ሲሠራ የዋለ መጋዝ ማታ ካፓሲተር የሚበላው በዚህ ነው። ሶኬቱ ላይ ቮልቱን ሞተሩ እየዞረ ሳለ ለኩ፤ ባዶ ሶኬት ላይ የሚነበበው ያታልላል።

መፍትሄው? "ትልቅ ፑሌጃ አስገባና ፍጥነቱን መልሰው" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እኔ አልመክርም። ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ሸክሙ ግን ቀድሞውኑ በጋለው ሞተር ላይ ይጨመራል። ባዶው አምፒር ደህና ከሆነ እንዳለ ተጠቀሙበት፣ ወፍራም እንጨት ሲሆን በእርጋታ ግፉ፣ በየመሃሉ አሳርፉት። ከጋለ ግን ሞተሩን መቀየር ነው። እዚሁ የሚገኝ ባለ 220፣ 50 ኸርዝ ሞተር ይገባል፣ ግን በቀጥታ አይደለም። የአሜሪካው ዘንግ ብዙ ጊዜ 15.9 ሚሊሜትር ነው፤ የሜትሪኩ 14፣ 19 ወይም 24። ፑሌጃውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል፣ ለብሎኖቹም አዲስ ቀዳዳ ማውጣት የግድ ነው።

በጀት ላለው ከሁሉ የሚሻለው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከኢንቨርተር ጋር ነው። ኢንቨርተሩ ከቤት 220 ተቀብሎ ሦስት ፌዝ ያወጣል፣ ኸርዙንም 60 ማድረግ ይቻላል። የድሮውን ባለ ካፓሲተር ሞተር ኢንቨርተር ላይ ማሰር ግን አይቻልም፤ ማስነሻውን ያቃጥላል።

ምልክት፦ ወደ ኋላ ይዞራል

የማስነሻው ጥቅልል ሁለት ገመዶች ተለዋውጠዋል። ብዙ ሞተሮች ላይ ቀይና ጥቁር ናቸው፣ ሥዕሉ ይነግራችኋል። እነሱን ማቀያየር ይበቃል። ዲስኩ ተገልብጦ ሲዞር የዲስኩ ብሎን ራሱን ሊፈታ ስለሚችል፣ ከማዛወር በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ ሁልጊዜ ያለ ዲስክ ይሁን።

ምልክት፦ ገበታው ይነዝራል

ይህን ለነገ አታሳድሩት። የድሮ መጋዞች ባለ ሁለት ጥርስ መሰኪያ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ የመሬት ገመድ የላቸውም። ባለ ሦስት ገመድ ኬብል አስገቡ፤ አረንጓዴና ቢጫው ከሞተሩ አካል ጋር በብሎን ይታሰር፣ ሶኬቱም በእርግጥ መሬት ያለው መሆኑን አረጋግጡ። የመሬቱን ገመድ ከኒውትራል ጋር ማገናኘት መፍትሄ አይደለም። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ቢበጠስ ገበታው ሙሉ 220 ይይዛል። መሬቱ ከተስተካከለ በኋላ ብሬከር ከወረደ፣ ጥቅልሉ ወይም የተላጠ ገመድ ብረት ነክቷል። እርጥብ ሰጋቱራም ይህን ያደርጋል፤ አጽድታችሁና አድርቃችሁ እንደገና ሞክሩ።

ምልክት፦ ጠፍቷል፣ ግን ውስጡ መብራት አለ

የድሮው ማብሪያ አንድ ገመድ ብቻ ነው የሚቆርጠው። አሜሪካ ውስጥ 240 ላይ ሁለቱም ገመዶች መብራት ስላላቸው አንዱ እንዳለ ይቀራል። እኛ ጋ አንዱ ኒውትራል ስለሆነ ደህና ይመስላል። ግን የእኛ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ መሰኪያ ተገልብጦ መሰካት ይችላል። ያኔ የሚቆረጠው ኒውትራሉ፣ የሚቀረው ፌዙ ይሆናል። ሁለቱንም የሚቆርጥ ማብሪያ ግዙ። ዲስክ ስትቀይሩ ደግሞ ማብሪያውን አትመኑ፣ ንቀሉ።

ትልልቅ የወርክሾፕ መጋዞች ላይ ማብሪያው ኮንታክተር፣ ማለትም በኮይል ማግኔት የሚዘጋ ማብሪያ፣ ሊሆን ይችላል። የውስጡ ኮይል 120 ከሆነ በ220 ይቃጠላል፤ ኮይሉን ለብቻ መቀየር ይቻላል። መጋዙ ላይ የተገጠመ መብራት ካለም እሱም 120 ነው፣ አላቁት።

ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ

የአውሮፓ የድሮ መጋዝ ሌላ ታሪክ ነው። ታርጋው 220/380 ካለ፣ በ380 መስመር ላይ በኮከብ (ስታር) ይታሰራል። በሦስት ማዕዘን (ዴልታ) ከታሰረ ይቃጠላል። ታርጋው 380/660 ካለ ደግሞ በ380 ላይ ሦስት ማዕዘን ነው የሚሆነው። በኮከብ ከታሰረ ይዞራል ግን ጉልበት የለውም፤ እንጨት ሲነካ ይቆማል። አቅጣጫው ከተገለበጠ ከሦስቱ ፌዝ ሁለቱን ማቀያየር ነው።

ብሩሽ ያለው ከሆነ

በእጅ የሚያዘው ባለ 120 መጋዝና ቀለል ያሉት የጠረጴዛ መጋዞች ካርቦን ብሩሽ አላቸው። ሲነሱ በጣም ይጮሃሉ፣ በዚያ ይለያሉ። ውስጣቸው የሚዛወር ገመድ የለም፤ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋሉ። 15 አምፒር በ120 ቮልት 1800 ቮልት አምፒር ነው፣ ስለዚህ 2000 የሚለውን ገዝቶ ከማስጨነቅ 3000 መያዝ ይሻላል። ትራንስፎርመር ኸርዝ አይቀይርም፣ ብሩሽ ላለው ሞተር ግን 50 ሆነ 60 ግድ የለውም።